ከሣጥን ወደ መሥመር፣ ከመሥመር ወደ ሣጥን፦ የኮንደንሰር ማይክሮፎን የኃይል አቅርቦት አጭር ታሪክ

የሙያ ባልደረቦቻችን እንደሚያውቁት፣ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከሌሎች ማይክሮፎኖች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ካልመገቡት የማይሠራ መሆኑ ነው። ዳይናሚክ ማይክሮፎን ድምፁ ራሱ በሚሰጠው ጉልበት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኮንደንሰሩ ግን ከውጭ የሚመጣ ኃይል ይጠብቃል። በዛሬው ጊዜ ይህ ኃይል ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሚክሰሩ ወይም ከመቅረጫው ውስጥ ስለሆነ፣ «48 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማብሪያ መጫን ብቻ ይበቃል። መሣሪያው ይህ ማብሪያ ከሌለው ግን በማይክሮፎኑና በመቅረጫው መካከል አንዲት ትንሽ ሣጥን ትገባለች። ይህችም የውጭ ፋንተም ኃይል መጋቢ ናት።

ስለዚህች ሣጥን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው አስተያየት ሣጥኗን የችግር ጊዜ መሸጋገሪያ፣ የተሟላ መሣሪያ የሌለው ሰው ማስታገሻ አድርጎ ይንቃታል። ሁለተኛው ደግሞ «ፋንተም» የሚል ስም እስከተጻፈባት ድረስ ማናቸውም ሣጥን ለማናቸውም ማይክሮፎን ይበቃል ብሎ ያለ ምርመራ ያምናታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አስተያየቶች ከታሪኩ ጋር የማይስማሙ መሆናቸውን ማሳየት ነው። የኮንደንሰር ማይክሮፎን ኃይል የመጀመሪያ መኖሪያው የውጭ ሣጥን ነበር፤ ወደ ሚክሰሩ የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሥራውን የሚወስነውም ኃይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይሆን፣ በአሠራሩ ላይ የተደረሰው ስምምነት መከበሩ ወይም መፍረሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሁለት ዓይነት ረኃብ

ለመሆኑ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ኃይል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? የማይክሮፎኑ ልብ ሁለት ገጾች አሉት። አንደኛው ድምፅ ሲነካው የሚርገበገብ ስስ ሽፋን ነው፤ ሁለተኛው ከኋላው እጅግ ተጠግቶ የቆመ የማይንቀሳቀስ ሳህን ነው። ሁለቱ በአንድነት ኮንደንሰር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ማከማቻ ይሆናሉ። ሽፋኑ ሲጠጋና ሲርቅ የማከማቸት ችሎታው ይለዋወጣል። አስቀድሞ ሙል የተሰጠው እንደሆነ ይህ መለዋወጥ ወደ ቮልት ለውጥ ይመነዘራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ረኃብ የሙል ረኃብ ነው።

ሁለተኛው የሚመጣው ከልቡ ትንሽነት ነው። ችሎታው በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ፒኮ ፋራዶች ብቻ የሚለካ ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚወጣው ምልክት ረዥም ገመድ የመንዳት አቅም የለውም። ስለዚህ ከልቡ አጠገብ፣ እዚያው ማይክሮፎኑ አካል ውስጥ፣ ምልክቱን ለጉዞ የሚያዘጋጅ አነስተኛ የማጉያ ክፍል መቀመጥ አለበት። ይህም ክፍል በበኩሉ ኃይል ይጠይቃል። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ በሙሉ እነዚህን ሁለት ረኃቦች ለማስታገስ የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ኮንደንሰር ማይክሮፎንን በ1916 የፈለሰፈው፣ በአሜሪካ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ኤድዋርድ ዌንት ነው። በ1917 ያሳተመው ጽሑፍ እንደሚያመለክተው የመሣሪያው ዓላማ የድምፅን ኃይል በትክክል መለካት ነበር። ይሁን እንጂ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ሳያዳላ የሚቀበል መሣሪያ በመለኪያ ክፍል ብቻ ተወስኖ ሊቀር አልቻለም። በ1920ዎቹ ወደ ሬዲዮ ጣቢያና ወደ ሸክላ መቅረጫ ስቱዲዮ ገባ።

እያንዳንዱ ከነስንቁ

በ1928 ጌኦርግ ኖይማን በበርሊን ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ሲ.ኤም.ቪ 3 የተባለውን ማይክሮፎን ማምረት ጀመረ። ይህ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ኮንደንሰር ማይክሮፎን ሲሆን፣ ከቅርጹ የተነሣ «የኖይማን ጠርሙስ» እየተባለ ይጠራ ነበር። በውስጡ ያለው ማጉያ የሚሠራው በቫልቭ ነው። ቫልቭ ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ክሩን የሚያግል ኤሌክትሪክና ለሥራው የሚሆን ከፍ ያለ ቮልት። ይህን ሁሉ በማይክሮፎኑ አካል ውስጥ ማስቀመጥ ስለማይቻል ኃይሉ ለብቻው በሣጥን ተደርጎ፣ ብዙ ሽቦ በያዘ ወፍራም ገመድ ይላክለት ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የቫልቭ ዘመን ይኸው ነበር። ስመ ጥር የሆነው የኖይማን ዩ 47 በ1949 ሲወጣ፣ 105 ቮልት የሚሰጥ የራሱ የኃይል ሣጥን ነበረው። በ1953 የወጣው የኦስትሪያው ኤ.ኬ.ጂ ሲ 12ም እንዲሁ ከነሣጥኑ ነበር። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን ማለት ስንቁን በአህያ ጭኖ እንደሚጓዝ መንገደኛ ነበር። ስንቁ ከእርሱ ጋር ካልደረሰ እርሱም መድረሱ ትርጉም አልነበረውም።

ይህ አሠራር ሁለት ገጽታ ነበረው። በመልካም ጎኑ ሣጥኑና ማይክሮፎኑ በአንድ መሐንዲስ እጅ፣ አንዱ ለሌላው ታስበው የተሠሩ ስለነበሩ በመካከላቸው አለመጣጣም አልነበረም። ሣጥኑ የመሣሪያው አካል እንጂ ተቀጥላ አልነበረም። በአስቸጋሪ ጎኑ ግን አሥር ማይክሮፎን ለመትከል አሥር ሣጥን፣ አሥር ወፍራም ገመድና አሥር የመብራት መሰኪያ ያስፈልግ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ ሣጥን ለሌላው ፋብሪካ ማይክሮፎን አይሆንም፤ የሽቦው አደራረግ፣ ማገናኛውና ቮልቱ ይለያያልና። አንድ ሣጥን የተበላሸ እንደሆነ ማይክሮፎኑ ጤነኛ ቢሆንም ከሥራ ውጭ ይሆናል።

ከስልክ የተወረሰ ዘዴ

መፍትሔው የመጣው ከስቱዲዮ ሳይሆን ከስልክ ሙያ ነው። የስልክ መሐንዲሶች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር፤ ሽቦ ውድ ነው፣ የሚነጋገረው ሰው ግን በየጊዜው ይበዛል። ፍራንክ ጃኮብ በ1882፣ ጆን ካርቲ ደግሞ በ1886 ያቀረቧቸው ዘዴዎች ለዚህ መልስ ሰጡ። ሁለት ጥንድ ሽቦዎች ሁለት ንግግር እንደሚያስተላልፉ ግልጽ ነው። ነገር ግን አንደኛው ጥንድ በሙሉ እንደ አንድ ሽቦ፣ ሁለተኛውም ጥንድ እንደ ሌላ አንድ ሽቦ ቢቆጠር፣ በአራቱ ሽቦዎች ላይ ሦስተኛ ንግግር ሊጫን ይችላል። ሦስተኛው ንግግር በእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚከፈል፣ በዚያ ጥንድ የሚነጋገሩት ሰዎች ፈጽሞ አይሰሙትም። የራሱ ሽቦ የሌለው፣ ግን እንዳለ ሆኖ የሚሠራ መሥመር ስለሆነ «ፋንተም» ተባለ። ቃሉ በአካል የማይጨበጥ ጥላ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የስልክ ሙያ ሌላም ትምህርት ሰጥቷል። በመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱ ስልክ በየቤቱ የራሱ ባትሪ ነበረው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ግን የሁሉም ኃይል ከማዕከል፣ ንግግሩ በሚሄድበት በዚያው ሽቦ እንዲላክ ተደረገ። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች፣ ማለትም በሁለት ሽቦ ላይ እኩል ተከፍሎ የማይሰማ ጭነትና ከማዕከል የሚላክ ኃይል፣ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ፋንተም ኃይል ነው። ልጁ ግን ለመወለድ ትራንዚስተርን መጠበቅ ነበረበት። የቫልቭ ክር የሚፈልገውን ያህል ኤሌክትሪክ በቀጭኑ የማይክሮፎን ገመድ መላክ አመቺ አልነበረምና።

48 ቮልት ከየት መጣ?

በ1960ዎቹ ትራንዚስተር ወደ ማይክሮፎን ሲገባ የሚፈለገው ኤሌክትሪክ እጅግ አነሰ። በዚህ ጊዜ ወፍራሙ ገመድ ቀርቶ ኃይሉ በተራው ባለ ሦስት መሥመር ገመድ ሊላክ ቻለ። ሆኖም ሁሉም ፋብሪካ በአንድ መንገድ አልሄደም። የጀርመኑ ሾፕስ በ1964 ለፈረንሳይ ሬዲዮ የሠራው ሲ.ኤም.ቲ 20 ከ9 እስከ 12 ቮልት በሚደርስ ፋንተም ኃይል የሚሠራ ሲሆን፣ ከመሬት ጋር የተያያዘው የኃይሉ አዎንታዊ ጫፍ ነበር። በሌላ በኩል በድምፅ ሽቦዎቹ መካከል 12 ቮልት የሚልክ «ቲ ፓወር» የሚባል ዘዴ ተስፋፋ። በዚህ ዘዴ አንዱ የድምፅ ሽቦ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ይሆናል። ዘዴው በተለይ ለፊልም ሥራ በሚያገለግሉ ማይክሮፎኖችና ተንቀሳቃሽ መቅረጫዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል።

ዛሬ የምናውቀው ቁጥር የተገኘው ግን ከኖርዌይ ነው። በ1966 ኖይማን አዲሱን ባለ ትራንዚስተር ማይክሮፎን ለኖርዌይ ብሔራዊ ሬዲዮ አቀረበ። ጣቢያው ማይክሮፎኑ በፋንተም ዘዴ እንዲሠራ ጠይቆ ነበር። በስቱዲዮዎቹም ለድንገተኛ ጊዜ መብራት የተዘረጋ የ48 ቮልት ኃይል አስቀድሞ ነበረው። ስለዚህ ለኬ.ኤም 84 ማይክሮፎን የተመረጠው ቮልት ይኸው ሆነ። ቁጥሩ ለማይክሮፎኑም የተስማማ ሆነ፤ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ መሣሪያ ሳያስፈልግ የልቡን ሙል በቀጥታ ለመስጠት በቃ። ኋላም በጀርመን ዲን 45596 በሚል ቁጥር ደረጃ ወጣለት፤ ከዚያም አይ.ኢ.ሲ 61938 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ተካተተ። በዓለም ስቱዲዮዎች ሁሉ የሚገኘው 48 ቮልት እንግዲህ የአንድ ጣቢያ የመብራት ኃይል ያወረሰን ቁጥር ነው ማለት ይቻላል።

የስምምነቱ ምሥጢር

የዚህ ስምምነት ዋና ቁም ነገር ከቁጥሩ ይልቅ በእኩልነቱ ላይ ነው። 48 ቮልቱ እያንዳንዳቸው 6.8 ኪሎ ኦም በሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች በኩል፣ አንዱ ወደ 2ኛው፣ ሌላው ወደ 3ኛው የማገናኛ ፒን ይገባል። መመለሻው 1ኛው ፒን፣ ማለትም የገመዱ መከለያ ነው። ድምፅ በ2ኛውና በ3ኛው ፒን መካከል ባለው ልዩነት የሚጓዝ ሲሆን፣ ኃይሉ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ስለቆመ በመካከላቸው ልዩነት አይፈጥርም። ስለዚህ በዚያው መሥመር ላይ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ቢሰካ፣ በጥቅሉ ጫፎች መካከል የሚገኘው ቮልት ዜሮ ስለሆነ ምንም አይደርስበትም። ኃይሉ ለሚፈልገው ይደርሳል፣ የማይፈልገውን አይነካም። ከዚህ በፊት የነበሩት ዘዴዎች በሙሉ «ይህ ማይክሮፎን ከዚህ ሣጥን ጋር» ይሉ ነበር። ፋንተም ግን መሥመሩን ለሁሉም ክፍት አደረገ።

ይህ ቸርነት የሚጸናው እኩልነቱ እስከጸና ብቻ ነው። ስለሆነም ደረጃው በሁለቱ ሬዚስተሮች መካከል የሚፈቅደው ልዩነት ከ0.4 ከመቶ አይበልጥም፤ ይህም በ6.8 ኪሎ ኦም ላይ ወደ 27 ኦም ያህል ነው። ልዩነቱ ከዚህ ሲሰፋ የገመዱ ሚዛን ይዛባል፤ በኃይሉ ውስጥ ያለው ጉርምርምታም ወደ ድምፁ ሾልኮ ይገባል።

የሣጥኗ መመለስ

በ1962 በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት ሙሉን በራሱ ለዘለቄታው ይዞ የሚኖር ስስ ሽፋን በመጠቀም ኤሌክትሬት ማይክሮፎንን ሠሩ። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያው ረኃብ ጠፋ፤ ሁለተኛው ግን አልጠፋም። የኤሌክትሬት መስፋፋት የኮንደንሰር ማይክሮፎንን ዋጋ ዝቅ ስላደረገው፣ ማይክሮፎኑ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ወጥቶ በተማሪዎች፣ በታሪክ ሰብሳቢዎች፣ በመዘምራንና በትንንሽ ቀራጮች እጅ ገባ። የእነዚህ ሰዎች ቴፕ ሪኮርደርና ሚክሰር ግን ብዙውን ጊዜ 48 ቮልት አልነበረውም። ወደ መሥመር ገብቶ የነበረው ኃይል እንደገና ወደ ሣጥን የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርግጥ የተመለሰችው ሣጥን የቀድሞዋ አይደለችም። የቫልቭ ዘመን ሣጥን ለአንድ ማይክሮፎን ብቻ የተወለደች ስትሆን፣ አዲሲቱ ግን ስምምነቱን የሚያከብር ማይክሮፎን ሁሉ አስተናጋጅ ናት። በውስጧ ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛው የኃይሉ ምንጭ ነው፤ ከመብራት ወይም ከባትሪ ሊሆን ይችላል። አምስት የ9 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 45 ቮልት ስለሚሰጡ፣ ይህም ደረጃው ከሚፈቅደው ከ44 እስከ 52 ቮልት ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ በእጅ ለሚሠሩ ሣጥኖች የታወቀ መፍትሔ ነው። ሁለተኛው እኩል የሆኑት ጥንድ ሬዚስተሮች ናቸው። ሦስተኛው ድምፁን አሳልፈው ቮልቱ ወደ መቅረጫው እንዳይሄድ የሚያግዱ ካፓሲተሮች ናቸው። የመቅረጫው መግቢያ ሚዛናዊ ባልሆነ ጊዜ በዚህ ላይ ትራንስፎርመር ሊጨመር ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ግን ሣጥኗ ስሟን ብቻ ይዛ ትቀራለች። «ፋንተም» ተብለው 12 ወይም 24 ቮልት የሚሰጡ ሣጥኖች አሉ። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለእነዚህም የራሳቸውን ሬዚስተር፣ ለ12ቱ 680 ኦም፣ ለ24ቱ 1.2 ኪሎ ኦም መድቧል። እነዚህ ሣጥኖች ለዚያ ለተሠራ ማይክሮፎን በቂ ናቸው፤ 48 ለሚጠይቀው ግን አይደሉም። የሚያሳዝነው የተራበ ማይክሮፎን ብዙ ጊዜ ጨርሶ ዝም አለማለቱ ነው። በሙከራ ጊዜ «አንድ፣ ሁለት» ሲሉት ይመልሳል። ድምፁ ከፍ ባለ ጊዜ ግን ይሰነጠቃል፤ ድምፁ ዝቅ ባለ ጊዜ ደግሞ የራሱ ሹክሹክታ ይጫነዋል። የበገናን ዝግ ያለ ድምፅ ወይም የአንድ አረጋዊን ምስክርነት የሚቀርጽ ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ሲያዳምጥ፣ ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

በመሆኑም ሣጥንን በጆሮ ብቻ ማመን አይገባም። በማናቸውም ተራ መለኪያ ሁለት ምርመራ ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው ማይክሮፎን ሳይሰካ በ1ኛውና በ2ኛው፣ ቀጥሎም በ1ኛውና በ3ኛው ፒን መካከል ቮልቱን መለካት ነው። ሁለቱም ከ44 እስከ 52 ባለው ውስጥና እኩል መሆን አለባቸው። ነገር ግን ባዶ ሣጥን ሙሉ ቮልት እያሳየች ሥራ ሲጀመር ልትዝል ስለምትችል ሁለተኛው ምርመራ ያስፈልጋል። መለኪያውን ወደ ሚሊ አምፔር አዙሮ 2ኛውን ከ1ኛው፣ ከዚያም 3ኛውን ከ1ኛው ጋር ማገናኘት ነው። 48 ቮልት ለ6.8 ኪሎ ኦም ሲካፈል 7 ሚሊ አምፔር ያህል ስለሚሆን፣ በሁለቱም በኩል ይህንኑ ማሳየት ይገባታል። ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ምንጩ ደካማ ወይም ሬዚስተሩ የተሳሳተ መሆኑን ያመለክታል።

የማይክሮፎኑንም ፍላጎት አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሁለቱ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲቆጠሩ 3.4 ኪሎ ኦም ናቸው። 3 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ማይክሮፎን በእነርሱ ላይ 10.2 ቮልት ስለሚጥል ለራሱ 37.8 ቮልት ይቀረዋል። 5 ሚሊ አምፔር ለሚወስደው የሚቀረው 31 ቮልት ብቻ ነው። ይህ በስምምነቱ ውስጥ የታሰበ እንጂ ጉድለት አይደለም። ከ48 ሳይሆን ከ40 ቮልት ለምትነሣ ሣጥን ግን 5 ሚሊ አምፔር ሲወሰድባት የሚቀረው 23 ቮልት መሆኑን ማስተዋል ነው።

ጉዳት የሚመጣበት መንገድ

ፋንተም የማይፈልገውን አይነካም ሲባል መሥመሩ ጤነኛ ከሆነ ነው። ከሁለቱ የድምፅ ሽቦዎች አንዱ የተበጠሰ ወይም ከመከለያው ጋር የተነካካ እንደሆነ እኩልነቱ ይፈርሳል፤ ቮልቱ በአንድ ወገን ብቻ ይቆማል። በዚህ ጊዜ በጣም የሚጎዳው ሪባን ማይክሮፎን ነው፤ በውስጡ ያለው ስስ የብረት ጥብጣብ በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ተገፍቶ ሊለጠጥ ይችላል። የጃክ መሰኪያ ባለበት የመሥመር ማቀያየሪያ ላይም ሶኬቱ ሲገባ ጫፎቹ አንድ በአንድ ስለሚነኩ ይኸው አደጋ ለቅጽበት ይፈጠራል። ቲ ፓወር ደግሞ በጤነኛ መሥመር ላይ እንኳ ቮልቱን በሁለቱ የድምፅ ሽቦዎች መካከል ስለሚያቆም፣ ለዚያ ያልተሠራ ዳይናሚክም ሆነ ሪባን ማይክሮፎን ፈጽሞ ሊሰካበት አይገባም። እንደ ሴንሃይዘር ኤም.ኬ.ኤች 416 ያሉ ማይክሮፎኖች ለሁለቱም ዘዴዎች በተለያየ ዓይነት የተመረቱ ስለሆኑ፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን የዓይነቱን ምልክት ማንበብ ይኖርበታል።

በአጠቃቀም ረገድ ሥርዓቱ አጭር ነው። መጀመሪያ የመቅረጫው የድምፅ መጠን ዝቅ ይበል። ቀጥሎ ማይክሮፎኑ፣ ሣጥኗና መቅረጫው በገመድ ይገናኙ። ኃይሉ የሚበራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ድረስም ጥቂት ሰከንዶች መታገሥ ነው። ሲፈታ ደግሞ በተቃራኒው፣ መጀመሪያ ኃይሉ ይጠፋል። ይህ ሥርዓት ካልተጠበቀ የካፓሲተሮቹ ድንገተኛ መሙላትና መፍሰስ ወደ መቅረጫው መግቢያ ብርቱ ምት ይልካል፤ መግቢያውንም ሊያበላሽ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ጥቂት ሰከንዶች የነፈገ ሰው ብዙ ቀናት በጥገና ያሳልፋል።

ከታሪኩ የሚገኘው ፍሬ ነገር

ኃይሉ በቫልቭ ዘመን በሣጥን ነበር፤ በትራንዚስተር ዘመን ወደ ሚክሰሩ ገባ፤ ማይክሮፎኑ ወደ ብዙኃኑ እጅ ሲደርስ እንደገና ወደ ሣጥን ወጣ። በዚህ ጉዞ ሁሉ የማይክሮፎኑ ረኃብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚመግበው እጅ ነው። ስለዚህ በውጭ ሣጥን የሚቀርጽ ባልደረባ ከባለ ትልቅ ሚክሰሩ ባልደረባ ያነሰ ሥራ ይሠራል ማለት አይቻልም። 48 ቮልቱ ሙሉ፣ ሬዚስተሮቹ እኩል፣ ገመዱም ጤነኛ ከሆነ ማይክሮፎኑ ኃይሉ ከየት እንደመጣለት ለይቶ አያውቅም። እነዚህ ሦስቱ ያልተሟሉ እንደሆነ ደግሞ ሚክሰሩም ቢሆን፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ያው የተራበ ማይክሮፎን ያተርፋል።

በ1966 የተሠራ ማይክሮፎን ዛሬ ከተገዛ ሣጥን ጋር ያለ ምንም ማስተካከያ ሊሠራ የሚችለው፣ የተለያየ አገርና የተለያየ ፋብሪካ ሰዎች ለአንድ ስምምነት ስለተገዙ ነው። ስምምነቱን በሥራ ላይ የሚያጸናው ግን ወረቀቱ ሳይሆን፣ ከቀረጻው በፊት መለኪያውን አውጥቶ ሁለቱን ፒኖች የሚፈትሽ ባለሙያ ነው። አንዳንድ ድምፅ ሁለተኛ ጊዜ አይገኝም፤ የሚቀረጸውም ሰው በነገው ቀን እንደገና ላይዘምር፣ እንደገናም ላይናገር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሁለት ደቂቃ ምርመራ ከሙያው ግዴታዎች አንዱ ሆኖ ሊቆጠር ይገባል።